ለሳተላይት ቀለብ ማን ይቆርጣል?

(በዓለም የህዋ ሳምንት ምክንያት ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር። ጥቂት ድግግሞሽ ከመውጣቱ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ መምህራን፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እዚህ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ፤ መቀመጥ የምትፈልጉ ኑ፣ ቅረቡ። ዛሬ የምናገረው ከሁሉ በላይ ለእናንተ ነው።

ንግግሬን በእናቴ ጥያቄ ልጀምር። ቀኑ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ዓርብ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው የታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ ተነሥታ ወደ ህዋ መጠቀች። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ አለቅሳለሁ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከአልጋዋ ተነሣችና አጠገቤ ቆመች።

«ይቺ ነገር ዝናብ ታመጣለች?» አለችኝ።

«አታመጣም እማዬ። ከላይ ሆና መሬታችንን ፎቶ ታነሣለች።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «መላኩስ ጥሩ። ግን አንቺ ልጅ፣ ወልዶ መስደድ ብቻውን ምን ያደርጋል? ቀለቧን ማን ነው የሚቆርጥላት?»

«መንግሥት ነዋ!» አልኳት። ያን ቀን መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ጥያቄ ከራሴ ወርዶ አያውቅም። ቀለቧን ማን ይቆርጥላታል? ስንት ይቆርጥላታል? ለስንት ዓመት ይቆርጥላታል?

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ስለ ገንዘቡ ነው። ሁለተኛው ስለ ሰዉ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ያ ፎቶ ከተነሣ በኋላ የት ይደርሳል የሚለው ነው። አንደኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ብዙ ሰው የእኛ የህዋ ነገር በ2012 የተጀመረ ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ የዓለም ሳይንቲስቶች መሬትን በጋራ ሲለኩ፣ አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ የመሬትን ባሕርይ የሚለካ ጣቢያ፣ ተቋቋመ። ለምን አዲስ አበባ? የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳታዘነብል አግድም የምትተኛበት መስመር፣ የሚያልፈው በአቅራቢያችን ስለሆነ ነው። ሶቪየቶች ስፑትኒክን ያመጠቁት በዚያው ዘመን ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የያኔዋ ደብረ ዘይት፣ ሳተላይቶችን በሌሊት ሰማይ ላይ ተከታትሎ ፎቶ የሚያነሣ ቤከር-ነን የሚባል ግዙፍ ካሜራ ነበራት። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ነበር የተከለው። አስቡት! ሰው ጨረቃን ሳይረግጥ ቢሾፍቱ ላይ ሳተላይት ይለካ ነበር። ታዲያ ያ ካሜራ ዛሬ የት አለ? የባለቤቱ ሥራ ሲያበቃ ካሜራውም አበቃ። ቀለቡን የሚቆርጠው ሌላ ነበርና፣ ሌላው ሲሄድ አብሮ ሄደ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ወደ ገንዘቡ።

በየመድረኩ የምጠየቀው ጥያቄ አለ። «ዳቦ ሳይኖረን ሳተላይት?» ይሉኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። እኔ አልቆጣም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግብር የሚከፍል ሰው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ መጠየቅ መብቱ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። መልሴ ግን ይህ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን 72 ኪሎ ግራም ነበረች። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ነች። ስለዚህ ከእኛ ዳቦ ላይ የተቆረሰው ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አልነበረም። ይህ አንድ መልስ ነው፤ ብዙ ጊዜም የምንሰጠው እሱን ነው።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ይህ መልስ ራሱ ያስፈራኛል። ለምን? አብዛኛውን ሌላ ከከፈለው ቢሾፍቱ ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ እፈልጋለሁ። ርዳታ ጥሩ ነው፤ እኔም የተማርኩት በሌላ አገር ስኮላርሺፕ ነው። ግን ርዳታ ሳተላይት ያስወነጭፍ ይሆናል እንጂ ቀለብ አይቆርጥም። ቀለብ የሚቆርጠው ባለቤት ነው።

ሳተላይት እንደ ድልድይ አይደለችም። ድልድይ አንዴ ሪባኑ ተቆርጦ ከተመረቀ ዘወር ብሎ የሚያየው ባይኖር እንኳ ለዓመታት ሰው ያሻግራል። ሳተላይት ግን በየቀኑ ትጠበቃለች። ከላያችን በምታልፍባት በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቀበያ ጣቢያው ላይ ሰው መኖር አለበት። አንቴናው መሥራት አለበት። መብራት መኖር አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፤ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ። የወረደውን መረጃ የሚያጠራ ሶፍትዌር፣ ለሶፍትዌሩ ዓመታዊ ፈቃድ፣ ሶፍትዌሩን የሚያውቅ ባለሙያ፣ ለባለሙያው ደግሞ ከሥራው የማያባርረው ደሞዝ። ይህ ሁሉ በየዓመቱ ነው። በየዓመቱ! ሳተላይቷ ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 ስትሠራ የታሰበላት የአገልግሎት ዘመን 2 ዓመት ነበር። እናም የእሷን ቀለብ ስትቆርጡ የምትከተላትንም አብራችሁ ማሰብ አለባችሁ።

የፋይናንስ ሰዎች እዚህ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የመንግሥት በጀት ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ካፒታል ነው፣ ሌላው መደበኛ። ካፒታሉ ያስገዛል፣ ያስገነባል፣ ያስመርቃል። መደበኛው ያኖራል። እኛ አገር ካፒታል ለማስፈቀድ ይከብዳል፤ ግን ከተፈቀደ ሁሉም ያጨበጭባል። ለመደበኛ በጀት የሚያጨበጭብ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የዛሬ 10 ዓመት ገደማ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ለሥልጠና ሄጄ ነበር። ካርታ የሚያትም ትልቅ ፕሎተር አላቸው፤ ርዝመቱ ሁለት ጠረጴዛ ያህላል። በነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል። ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ማስቀመጫ ተቀምጧል። «ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ጠየቅኩ። የክፍሉ ባለሙያ፣ ወጣት ልጅ ነች፣ አበባውን በሁለት እጇ አንሥታ መሬት አስቀመጠችና ዳንቴሉን ገለጠችልኝ። አዲስ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው ቀለም አልቋል። ማሽኑ የተገዛው በካፒታል በጀት ነው፤ ቀለሙ የሚገዛው ግን ከመደበኛ በጀት ነው። ሁለት በጀት ዓመት ተጠየቀ፣ ሁለት በጀት ዓመት «የበጀት እጥረት» ተብሎ ተመለሰ። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው የሸፈንኩት፤ አንድ ቀን ቀለም ሲመጣ ይሠራል» አለችኝ። ዳንቴሉን ከቤቷ ነው ያመጣችው። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ስለ ብሔራዊ የህዋ ፕሮግራም ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ዳንቴል ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ናሳ ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪ 4 ከመቶ በላይ ይወስድ ነበር። ዓላማው አንድ ነበር፤ ሶቪየቶችን ቀድሞ ጨረቃ ላይ መድረስ። ደረሱ። ከዚያስ? አፖሎ 18፣ 19 እና 20 የተባሉት ቀጣይ የጨረቃ ጉዞዎች ተሰረዙ። ለመብረር የተሠሩ የሳተርን 5 ሮኬት አካላት ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ተጋድመው ሕዝብ ይጎበኛቸዋል። የናሳ ድርሻ አሁን ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለአንድ ቀን ድል የተመደበ ገንዘብ ቀኑ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ሕንድን እዩ። በደቡብ ሕንድ የባሕር ዳርቻ ቱምባ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1963 ሕንዶች የመጀመሪያዋን ሮኬት ያስወነጨፉት ከዚያች መንደር ነው። ሮኬቷም የአሜሪካ ነበረች። ቢሯቸው የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ምእመናኑ ቦታውን ለቀውላቸው ነው። የሮኬት ዕቃ በብስክሌት ይመላለስ ነበር። ድህነት አልነበረባቸውም? ነበረባቸው! ረኀብ አያውቁም ነበር? ያውቁ ነበር! ግን ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1972 የህዋውን ዘርፍ የሚመራ ራሱን የቻለ የመንግሥት መምሪያ አቁመው ተጠሪነቱን በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አደረጉ። ከአሜሪካ ሳተላይት ተውሰው እ.ኤ.አ. በ1975 እና 76 ለ2,400 መንደሮች ስለ እርሻና ስለ ጤና የሚያስተምር ቴሌቪዥን አሳዩ። ልብ በሉ፤ ከጨረቃ በፊት ገበሬውን አስቀደሙ። የገበሬው ነገር ስለሆነ ደግሞ መንግሥት ሲለዋወጥ ቀለቡ አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2023 መንኮራኩራቸው ቻንድራያን-3 ከጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አጠገብ አረፈች። ከብስክሌቱ እስከ ጨረቃ 60 ዓመት። 60 ዓመት ሳይቋረጥ!

ከአህጉራችንም ትምህርት አለ። ናይጄሪያ ያመጠቀቻት ኒግኮምሳት-1 የመገናኛ ሳተላይት በ2 ዓመት ውስጥ ከጥቅም ውጪ ሆነች። ሰው ሁሉ ገንዘቡ ሰማይ ላይ ቀለጠ አለ። ግን ኢንሹራንስ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ምትኳ መጠቀች። ኢንሹራንስም ቀለብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ትላላችሁ? እዚህ የተቀመጣችሁ የምክር ቤት አባላትም ሆናችሁ የምክር ቤት አባል የምታውቁ ሁሉ፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። አንዲት ሳተላይት እንድትመጥቅ ሲፈቀድ የ5 ዓመት ማስኬጃዋ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰነድ፣ አብሮ ይፈቀድ። የጣቢያው ነዳጅ፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ፣ የሰዎቹ ደሞዝ፣ ኢንሹራንሷ። ማስኬጃ ያልተያዘላት ሳተላይት አትፈቀድ። ቢዘገይም ይዘግይ! ይህን ስል የማይደሰቱ ጓደኞች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ግን የማምነውን ነው የምናገረው።

በዚያው ታኅሣሥ የሆነ ሌላ ነገር ላስታውሳችሁ። ሳተላይቷ ከመምጠቋ ከሦስት ቀን በፊት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለሩቅ ኮከቦችና ፕላኔቶች ያወጡትን ስም ይፋ አደረገ። የእኛ ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። እንዴት ያለ ስም ነው! በዓመቱ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ሁለተኛዋ ሳተላይታችን መጠቀች። እሷን ቶና እንበላት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ቡና አፍልታ አቦልና ቶና ቀድታ በረካ ሳታደርስ ረከቦቷን የምታነሣ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳ ነው የሚቀየመው።

ሁለተኛው ነጥቤ ሰው ነው።

ከቦንጋ ተነሥቶ ናሳና ቦይንግ ድረስ የዘለቀውን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን የማያውቅ እዚህ የለም ብዬ አስባለሁ። ተማሪዎች ስሙን በኩራት ታነሣላችሁ፤ ደግ ነው። እኔ ግን ስሙን በሰማሁ ቁጥር የማስበው ሌላ ነው። እዚህ የሚሠራው ሥራ ቢኖርስ ኖሮ? ወጣት መሐንዲሶቻችን ከቻይና መሐንዲሶች ጎን ሆነው በ2012 የመጠቀችው ሳተላይት ስትሠራ አይተዋል፣ ነክተዋል፣ ተምረዋል። ያ እውቀት መጽሐፍ ውስጥ የለም። እጅ ላይ ነው ያለው፤ እጅ ካልሠራበት ደግሞ ይረሳል።

ያስተማርኩት አንድ ልጅ አለ። ጎበዝ ነበር፤ የመረጃ ማጣራት ሥራ የሚሠራበት ቦታ ተቀጥሮ ነበር፣ ቦታውን አልናገርም። አንድ ሌሊት ከአውሮፓ ደወለልኝ። «መምህር፣ ወጥቻለሁ» አለኝ። «ደሞዙ ነው?» አልኩት። «ደሞዙማ ይከብድ ነበር፤ ግን እሱ አይደለም። ስምንት ወር ሥራ ሳይሰጠኝ ተቀመጥኩ። ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። እጄ ሊረሳው ነው ብዬ ፈራሁ» አለኝ። እጄ ሊረሳው ነው! ወገኖቼ፣ ይህን ልጅ ከሃዲ ልትሉት ትችላላችሁ? እኔ አልችልም።

ስለ መዋቅርም አንድ ቃል ልበል። የህዋ ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋቋመ፤ ከዓመታት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም.፣ ደግሞ ከካርታው ተቋም ጋር ተዋህዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ። እኔ ውህደቱን እደግፋለሁ። ፎቶ የሚያነሣውና ካርታ የሚሠራው አንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ተገቢ ነው። የምለምነው ግን እንግዲህ ይርጋልን ብዬ ነው። ተቋም በየጊዜው ስሙ፣ ማኅተሙና ተጠሪነቱ ሲለዋወጥ ሠራተኛው ዓይኑ ከሥራው ላይ ይነሣና ወደ ምደባ ማስታወቂያ ይሄዳል። ይህን ያላለፈበት የመንግሥት ሠራተኛ እዚህ የለም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ፤ ወረቀት ተልኮልኛል። ሦስተኛውን አሳጥራለሁ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ጥሩ ጥያቄ አለ። «የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች 10 ሜትር ጥራት ያለው ምስል በየ5 ቀኑ በነፃ ይለቃሉ። የእኛ የመጀመሪያዋ ጥራቷ 13.7 ሜትር ነበር። ታዲያ ለምን ደከምን?» ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ይጠራል ማለት ነው። እውነታቸውን ነው። የእኛዋ ከእነሱ ትበልጥ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ አትበልጥም ነበር። የደከምንበት እጃችን እንዲማር ነው። ደግሞም ነፃ የሆነ ነገር ሁልጊዜ ነፃ አይሆንም። የአሜሪካው ላንድሳት ምስል እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ በገንዘብ ነበር የሚሸጠው። ነፃውን እንጠቀምበት፤ በደንብ እንጠቀምበት፤ ግን ጉሮሯችንን ለሌላ ሰው አንስጥ።

የነፃውም ሆነ የራሳችን ምስል ግን ገበሬው ጋ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? የዛሬ 7 ዓመት ፎገራ ሄጄ ነበር። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የሳተላይት ምስል በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ይዤ ነበር። አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ገበሬዎቹ ከበቡት። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ጎንበስ አሉ። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ አንዲት ጥቁር አረንጓዴ ክብ ላይ ቆመ። «ይሄማ ደብራችን ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነበር። በዙሪያው ሜዳው ሁሉ ታርሶ ተመንጥሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ብቻ ከህዋ ላይ እንደ ደሴት ይታያል። ከዚያ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣ። «ያ የእኔ ማሳ ነው!» «ያ የእገሌ ባሕር ዛፍ ነው!» ማንም ካርታ ማንበብ አላስተማራቸውም። አገራቸውን ያውቁታል።

እኚያ ሽማግሌ ግን ጣታቸውን አላነሡም። ከደኑ ወደ ወንዙ አመጡትና ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ስዕል መቼ የተነሣ ነው?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት ነው አባቴ።»

«እንዲያ ነው። ወንዙ እኮ አሁን በዚህ አይሄድም። ባለፈው ክረምት ጥሶ በልጄ ማሳ በኩል ነው የወጣው።» በጥፍራቸው ወረቀቱ ላይ አዲሱን መስመር ጫሩልኝ። ያ ጭረት ዛሬም ወረቀቱ ላይ አለ፤ ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ፣ ከፈለጋችሁ በኋላ መጥታችሁ እዩት።

ወረቀቱን ስጠቀልል ሽማግሌው በር ድረስ ሸኙኝ። «ቀጣዩ መቼ ይመጣል?» አሉኝ።

«በቅርቡ» አልኳቸው።

ይህን ካልኳቸው 7 ዓመት ሆነኝ። አመሰግናለሁ።